ብርቅ የሆኑ የድሮ ጌም ዲስኮችን ፈልጎ ማግኘት፦ እትሙን ከመለየት እስከ ማስነበብ

የ1980ዎቹን የቤት ኮምፒውተር ጌሞች የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በስም ይጀምራል። የጌሙን ስም ይጽፋል፣ የሚወርድ ፋይል ያገኛል፣ ኢሙሌተር (የድሮውን ማሽን በዛሬ ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ ከፍቶ ይጫወታል፣ አለቀ። ይህ መመሪያ በዚያ ለማይረካ ሰው ነው። በአንድ የታወቀ ዓመት፣ በአንድ አሳታሚ፣ ለአንድ ማሽን የወጣውን የዲስክ እትም ዕቃውን ራሱን ማግኘት ለሚፈልግ። ፍሎፒ ዲስክ በስስ ፕላስቲክ ላይ የተለጠፈ የማግኔት ዱቄት ነው፤ ከእነዚህ ዲስኮች ብዙዎቹ ዛሬ አርባ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል፣ ማጣበቂያውም እየለቀቀ ነው። ስለዚህ እዚህ የተዘረዘረው ሥራ ዲስኩ እጃችሁ ሲገባ አያልቅም። ተነብቦ፣ ተመዝግቦ፣ ቅጂው ሌላ ቦታ ሲቀመጥ ነው የሚያልቀው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ የምትፈልጉትን እትም ለዩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ብዙ ሰው ዘሎት ሄዶ በኋላ የማይፈልገውን ዲስክ በውድ ይገዛል።

አንድ ጌም በአንድ መልክ ብቻ የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው። ኤሊትን ውሰዱ። ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል የሠሩት ይህ የጠፈር ጌም በ1984 በኤከርንሶፍት በኩል ቢቢሲ ማይክሮ ለተባለው ኮምፒውተር ሲወጣ በካሴትም በዲስክም ነበር። ሁለቱ እኩል አይደሉም። የዲስኩ እትም ጨዋታው እየሄደ ከዲስኩ ተጨማሪ ነገር መጫን ስለሚችል፣ ካሴቱ ላይ የሌሉ መርከቦችና ልዩ ተልእኮዎች አሉት። «ኤሊት አለኝ» ያላችሁ ሰው የትኛው እንደሆነ ካልነገራችሁ ገና ምንም አልነገራችሁም።

ዞርክ አንድ ደግሞ መጀመሪያ ገበያ ላይ የቀረበው ከ1980 ጀምሮ በፐርሰናል ሶፍትዌር በኩል ነው። ኢንፎኮም ጌሙን በራሱ ስም ማሳተም ሲጀምር ሽፋኑ ተቀየረ፤ ከ1984 ወዲህ ደግሞ እንደ መጽሐፍ የሚከፈተው ግራጫ ሳጥን መጣ። ሦስቱም ዞርክ ናቸው፣ በብርቅነት ግን አይገናኙም። ኡልቲማም እንደዚሁ ነው፤ በ1981 በካሊፎርኒያ ፓሲፊክ የወጣውና በ1986 ኦሪጅን እንደገና ጽፎ ያወጣው በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ኢንፎኮም ለፈላጊ ትልቅ ውለታ ውሏል። ጌሙ ሲከፈት ከርዕሱ ሥር የእትም ቁጥርና ባለስድስት አሃዝ ተከታታይ ቁጥር ይታያል። ለምሳሌ በዞርክ አንድ ላይ እትም 88፣ ተከታታይ ቁጥር 840726 የሚል ካያችሁ፣ ያ ረጅም ቁጥር ቀን ነው፦ 84 ዓመቱ፣ 07 ወሩ፣ 26 ቀኑ። ከውጭ አንድ ዓይነት በሚመስሉ ሁለት ግራጫ ሳጥኖች ውስጥ የተለያየ እትም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሳጥኑን አይቶ «ይህን አውቀዋለሁ» ብሎ ማለፍ አያዋጣም፤ ሻጩ ቁጥሩን አስቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ ጠይቁ።

ሌሎች አሳታሚዎች ይህን ያህል አልቸሩንም። በእነሱ ላይ የምትመሩት በዲስኩ መለያ ላይ ባለው የኮፒራይት ዓመት፣ በምርት ቁጥሩ፣ በሳጥኑ ጀርባ በተጻፈው የአሳታሚው አድራሻና በሳጥኑ ቅርጽ ነው። አድራሻ በተለይ የማይናቅ ፍንጭ ነው፤ ኩባንያው ቢሮ በቀየረ ቁጥር የቀድሞው አድራሻ ያለበት ሳጥን ቀደምትነቱን ይመሰክራል። ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ1983 ሲጀምር ጌሞቹን እንደ ሙዚቃ ሸክላ ሽፋን ጠፍጣፋና ተከፋች በሆነ ማሸጊያ ነበር የሚያወጣቸው፤ ያው ጌም በኋላ በሌላ ማሸጊያ ሲመጣ ከዚያ የዘገየ ኅትመት መሆኑን ታውቃላችሁ። በብሪታንያ ደግሞ ሂት ስኳድ ወይም ኪክስ የሚል ስም ካያችሁ ያ የኦሽን ወይም የዩኤስ ጎልድ የርካሽ ዳግም ኅትመት ነው።

በወረቀት ላይ ወይም በሠንጠረዥ ፋይል እነዚህን ጻፉ፦ ሳጥኑ ላይ እንዳለ የተጻፈው ርዕስ፣ ማሽኑ፣ አሳታሚው፣ አገሩ፣ ዓመቱ፣ የዲስኩ መጠን፣ የዲስኮቹ ብዛት፣ ከውስጥ ምን ምን አብሮ ይመጣ እንደነበር። ያላወቃችሁትን ባዶ ተዉት። ግምት አትሙሉበት፤ ከሳምንታት በኋላ ግምቱ እውነት መስሎ ይታያችኋል።

እግረ መንገዳችሁን የዲስኩ እትም ለምን ብርቅ እንደሆነ እወቁ፤ ምክንያቱ ራሱ የት እንደሚፈለግ ይጠቁማችኋል። በአሜሪካ የኮሞዶር 64 ባለቤቶች በብዛት በዲስክ ይጠቀሙ ነበር። በብሪታንያ ግን 1541 የተባለው ድራይቭ (የዲስክ ማንበቢያ) ከኮምፒውተሩ የማይተናነስ ዋጋ ስለነበረው ሕዝቡ በካሴት ነው የኖረው። አንድ ጌም በካሴት 9.95 ፓውንድ ሲሸጥ ዲስኩ ብዙ ጊዜ 14.95 ነበር። በዚህ የተነሳ አንዱ ጌም የአሜሪካው ዲስክ እንደ ልብ እየተገኘ የእንግሊዙ ዲስክ ሊጠፋ ይችላል። ዜድኤክስ ስፔክትረም ላይ ነገሩ ይከፋል፦ ባለዲስኩ ፕላስ 3 የወጣው በ1987፣ ማሽኑ ካረጀ በኋላ ነው፤ የሚቀበለውም አምስራድ የሚጠቀምበትን ባለ 3 ኢንች ዲስክ ነው፣ ስለዚህ ብዙ የፕላስ 3 እትሞች በጥቂቱ ነው የታተሙት። ከገበያ የተነሱም አሉ። በ1987 በሬይንቦ አርትስ የወጣው ግሬት ጂያና ሲስተርስ ከኒንቴንዶ ጌም ጋር በመመሳሰሉ ብዙም ሳይቆይ ከሽያጭ ወጥቷል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ በፕላስቲክ ከረጢት የተሸጡት አሉ፦ ሪቻርድ ጋሪየት ተማሪ ሳለ በሚሠራበት የኮምፒውተር መደብር የሸጠው አካላቤት፣ ኬንና ሮበርታ ዊልያምስ በ1980 ያወጡት ሚስትሪ ሃውስ። እነዚህ በእጅ የታሸጉ ናቸው፤ ከረጢቱ ስለሚቀደድና ስለሚጣል ሙሉ ሆነው የተረፉት ጥቂት ናቸው።

ደረጃ 2፦ በጊዜው የታተመውን ወረቀት መርምሩ

የምትፈልጉት እትም በእርግጥ መውጣቱን ሳታረጋግጡ ገንዘብም ጊዜም አታውጡ። በማስታወቂያ ላይ ብቻ ኖረው የቀሩ ዲስኮች ብዙ ናቸው። ማስታወቂያ ከወራት በፊት የሚያዝ ነገር ስለሆነ አሳታሚው ገና ያላለቀውን ሁሉ ይዘረዝርበታል፤ «ኮሞዶር፣ አታሪ፣ አፕል» ብሎ ከጻፈው ውስጥ አንዱ ፈጽሞ ላይወጣ ይችላል።

ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ የክራሽ፣ የዛፕ 64፣ የሶፍቶክ፣ የኮምፒውተር ጌሚንግ ወርልድ ስካኖች አሉ። ስታነቡ ማስረጃውን በክብደቱ መዝኑት። ማስታወቂያው ቀላሉ ነው። የጌም ግምገማ ከዚያ ይሻላል፣ ግን ገምጋሚው በእጁ ያለው ካሴት ሆኖ የዲስኩን ዋጋ ከአሳታሚው ወረቀት ገልብጦ ሊሆን ይችላል። እኔ ከሁሉ የማምነው በፖስታ የሚሸጡ ነጋዴዎች በየወሩ የሚያወጡትን ጥቅጥቅ ያለ የዋጋ ዝርዝርና የአንባቢያን ደብዳቤ ገጽን ነው። አንድ ዲስክ በሦስትና በአራት ተከታታይ ወራት ዝርዝር ላይ ከቆየ፣ ወይም አንድ አንባቢ «ዲስኩ ሁለተኛው ክፍል ላይ ይቆማል» ብሎ አቤት ካለ፣ ያ ዲስክ በእርግጥ ሰው እጅ ገብቷል።

የስካኖቹ የጽሑፍ ፍለጋ ፊደል ያሳስታል። ርዕሱን አስገብታችሁ ካልመጣ በአሳታሚው ስም፣ ካልሆነም በፕሮግራመሩ ስም ሞክሩ። መጽሔት ሽፋኑ ላይ ከሚጽፈው ወር ቀድሞ እንደሚወጣም አትርሱ።

ደረጃ 3፦ የተነበበ ቅጂ መኖሩን አጣሩ

ለእያንዳንዱ ማሽን የየራሱ መዝገብ አለ። ለኮሞዶር 64 ጌምቤዝ 64ና ሌሞን 64፣ ለስፔክትረም ስፔክትረም ኮምፒዩቲንግ፣ ለአምስራድ ሲፒሲ-ፓወር፣ ለአታሪ አታሪማኒያ፣ ለአሚጋ ሆል ኦፍ ላይት፤ ለሁሉም በአጠቃላይ ሞቢጌምስ። በእነዚህ ላይ የጌሙ ስም መኖሩ በቂ አይደለም። የተቀመጠው ፋይል ከየት እንደመጣ ነው የሚታየው።

ጥሩ መለያ የፋይሉ መጠን ነው። ዲ64 የተባለው የኮሞዶር 64 የዲስክ ቅጂ ፋይል በመደበኛ መልኩ 174,848 ባይት ነው፤ ይህም እያንዳንዳቸው 256 ባይት የያዙ 683 ሴክተሮች (የዲስኩ ትናንሽ የመረጃ ክፍሎች) ማለት ነው። ከዚያ ውጭ ምንም የለውም። አሳታሚው የቅጂ መከላከያውን በሴክተሮቹ መካከል፣ በትራኮቹ (መረጃው በተጻፈባቸው ክብ መስመሮች) አሰላለፍ ወይም ከ35ኛው ትራክ በኋላ ደብቆ ከነበረ ዲ64 ያንን ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ በኦሪጅናሉ ላይ መከላከያ እንደነበረ የሚታወቅ ጌም በዚህ መጠን ተቀምጦ እየሠራ ከሆነ መከላከያው ተሰብሮለታል፣ ማለትም ክራክ ነው። የአሚጋ ኤዲኤፍ 901,120 ባይት፣ የአፕል ቱ ዲስክ 143,360 ባይት ሲሆንም ነገሩ ያው ነው። ኦሪጅናሉን እንዳለ የሚይዙት እንደ ጂ64፣ ለአሚጋ አይፒኤፍ፣ ለአፕል ዎዝ የመሳሰሉት የፋይል ዓይነቶች ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ይህ ጌም እኮ ሁሉም ቦታ አለ» ይባላል፣ ያለው ግን አንድ ክራክ ብቻ ነው፤ የመግቢያው ሥዕል ተቆርጦ፣ አንዳንዴ ሙሉ ክፍል ተጥሎ፣ የሰባሪዎቹ ስም ተለጥፎበት። ክራክ ያለው ሁሉ ኦሪጅናሉ ገና ያልተገኘ ሊሆን ይችላል። ፍለጋችሁ ውስጥ ከማንም ቀድማችሁ ልትጠቅሙ የምትችሉት በዚህ ክፍተት ነው።

ደረጃ 4፦ አሁን ፈልጉ

ርዕሱን የሚያውቅ ሻጭ ዋጋውንም ያውቃል። ስለዚህ ርዕሱን ትታችሁ ፈልጉ፦ የማሽኑ ስምና «ዲስኮች»፣ የአሳታሚው ስም ብቻ፣ «የድሮ ኮምፒውተር ጌሞች በጅምላ»። እንግሊዞች ዲስክን በሲ፣ አሜሪካኖች በኬ ስለሚጨርሱት ሁለቱንም አስገቡ፤ በጀርመንኛም በፈረንሳይኛም ሞክሩ። የፊደል ስህተት ያለበትንም ጨምሩ። እነዚህን ፍለጋዎች በጨረታ ገጾቹ ላይ አስቀምጡና አዲስ ሲወጣ እንዲያሳውቋችሁ አድርጉ።

የጅምላ ሽያጭ ፎቶዎችን አጉልታችሁ ዕዩ። ሳጥን ውስጥ ከተደረደሩ ዲስኮች አናት ላይ የምትታየው አንድ ሴንቲ ሜትር የመለያ ጠርዝ ብዙ ትናገራለች፤ የአሳታሚዎቹን የመለያ ቀለምና ቅርጽ በዓይናችሁ ካጠናችሁ ጽሑፉ ባይነበብም ትለዩታላችሁ። ሁለት ማሽን የሚጋሯቸውን ዲስኮችም አስቡ። አንዳንድ የአሜሪካ አሳታሚዎች በአንዱ ፊት የአታሪ፣ በሌላው ፊት የኮሞዶር 64 እትም እየጫኑ ያወጡ ነበር፤ የኮሞዶሩን የምትፈልጉ ከሆነ አታሪ በሚል ክፍል ሥር ተቀምጦ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ገበያ ብቸኛው መንገድ አይደለም። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ በሕይወት አሉ፣ ሥራቸውን የሚያስታውስ ሰው ሲያገኙም ደስ ይላቸዋል። በ2012 የፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ የአፕል ቱ ምንጭ ኮድ የተገኘው የጌሙ ሠሪ የጆርዳን ሜክነር አባት ዕቃ ሲያስተካክሉ ባገኙት ካርቶን ውስጥ ነበር፤ ዲስኮቹን ያስነበበው የኢንተርኔት አርካይቩ ጄሰን ስኮትና ባልደረቦቹ ናቸው። ለአንድ ፕሮግራመር ስትጽፉ ጌሙን ምን ያህል እንደምታውቁት ቀድማችሁ አሳዩ፣ አንድ ጠባብ ጥያቄ ጠይቁ፣ ዲስኩን ስጡኝ አትበሉ። ዲስኩ ካላቸው እንዴት ሳይጎዳ እንደሚነበብ ብቻ አስረዱ።

ቤተ መዘክሮችም አሉ፤ በሮቸስተር ስትሮንግ ሙዚየም፣ በካምብሪጅ ሴንተር ፎር ኮምፒዩቲንግ ሂስትሪ፣ በቶኪዮ ጌም ፕሪዘርቬሽን ሶሳይቲ። ካታሎጋቸውን ፈትሹ። ዲስኩን ባያስነኩም የመለያውን ፎቶና የምርት ቁጥሩን ካገኛችሁ ደረጃ 1 ላይ ባዶ የተዋችሁት ቦታ ይሞላል።

ደረጃ 5፦ ሻጩን ጠይቁ፣ ፎቶውን አንብቡ

ዲስኩ ተገኘ እንበል። ከመክፈላችሁ በፊት እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ያቀረቡትን ዲስክ አይቼዋለሁ፣ ልገዛው እፈልጋለሁ። ከቻሉ የዲስኩን ሁለቱንም ፊት ከወረቀት ከረጢቱ አውጥተው በቀን ብርሃን ፎቶ ቢያነሱልኝ። በሞላላው ቀዳዳ በኩል የሚታየውን ጥቁር ንጣፍ ግን እባክዎ በጣትዎ አይንኩት። ይሠራ እንደሆነ ለማየት ብለው ድራይቭ ውስጥ እንዳያስገቡትም እለምንዎታለሁ፤ ሳይሞከር፣ እንዳለ እወስደዋለሁ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ዋናው ነው። ሻጩ በቅንነት ልሞክረው ብሎ ሻጋታ የያዘ ዲስክ በቆሸሸ ድራይቭ ላይ ካሽከረከረው የማግኔቱ ሽፋን ክብ ክብ ሆኖ ይላጣል። «ተሞክሮ ይሠራል» የሚለው ማረጋገጫ ለተራ ጌም ጥሩ ነው፣ ለብርቅ ዲስክ ግን አደጋ ነው።

ፎቶው ሲመጣ መጀመሪያ ጠርዙን ተመልከቱ። ባለ 5.25 ኢንች ዲስክ መጻፍ የሚፈቅደው ጎኑ ላይ ኖች የሚባለው ትንሽ አራት ማዕዘን ቁርጥ ሲኖር ነው። በፋብሪካ የተባዙ ብዙ ጌሞች ኖች የላቸውም። ስለዚህ ኖች የሌለው ዲስክ ላይ የአሳታሚው መለያ ካለ ጥሩ ምልክት ነው፤ በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል ሻካራ ኖች ካለ ደግሞ አንድ ሰው በላዩ ለመጻፍ ፈልጎ እንደነበር ጠርጥሩ። ይህ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ትናንሽ አሳታሚዎች ተራ ባዶ ዲስክ ገዝተው ነው ያባዙት፣ ውጤት የሚያስቀምጡ ጌሞችም ኖች ያስፈልጋቸዋል።

ቀጥሎ ኅትመቱ። በማጉያ መነጽር ሲታይ የማተሚያ ቤት ሥዕል ሥርዓት ባለው መልኩ በተደረደሩ ነጥቦች የተሠራ ነው፤ የቤት ኢንክጄት ግን ቀለሙ ተረጭቶ ነው የሚታየው። በከረጢት የተሸጡት ቀደምት ጌሞች በዚህ አይለዩም፤ መለያቸው ራሱ በጽሕፈት መኪና ወይም በተራ ፕሪንተር የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ለአስመሳይ የተመቹ ናቸው። በእነሱ ላይ የወረቀቱን እርጅና፣ የስቴፕሉን ዝገት፣ ዝገቱ ወረቀቱ ላይ የተወውን ጥላ አብራችሁ መርምሩ። ዝገት ሳይኖር ጥላ፣ ወይም ጥላ ሳይኖር ዝገት ካለ ስቴፕሉ በቅርቡ የገባ ነው። ያልተከፈተ በሚል የሚሸጥ ሳጥን ከሆነ ደግሞ ላስቲኩ አዲስ ሊሆን እንደሚችል አስቡ፤ ላስቲክ ማልበሻ መሣሪያ ማንም ይገዛል።

ደረጃ 6፦ ዲስኩ ሲደርስ

ለአንድ ቀን የክፍሉን ሙቀት ይላመድ፣ ከዚያ ክፈቱት። መሃል ያለውን ክብ በጣት እየገፋችሁ ንጣፉን በሞላላው ቀዳዳ በኩል ዙሩት፣ መብራቱን በጎን አብሩበት። ነጭ ወይም ግራጫ ነጠብጣብ ሻጋታ ነው። ቀጭን ክብ መስመር ቀድሞ የተላጠ ቦታ ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ ካያችሁ እዚያ ላይ የነበረው መረጃ ሄዷል።

ሻጋታ ያለበት ዲስክ ሳይጸዳ ድራይቭ ውስጥ አይገባም። የሚጸዳው በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይተው ጨርቅ ወይም ጥጥ ነው፤ ሳይጫኑ፣ ንጣፉን በቀዳዳው በኩል ቀስ በቀስ እያዞሩ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ እየጠበቁ። ብዙ ሻጋታ ካለ የዲስኩ ጃኬት (የውጭ ሽፋኑ) በአንድ ጎን ተከፍቶ ንጣፉ ይወጣና ታጥቦ በሌላ ንጹሕ ጃኬት ውስጥ ይነበባል። ይህን መጀመሪያ የማይጠቅሙ ዲስኮች ላይ ተለማመዱ። ሁለተኛ ቅጂው በዓለም ላይ መኖሩ የማይታወቅ ዲስክ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ልምድ ላለው ሰው ስጡት፤ እዚህ ላይ ድፍረት አያስፈልግም።

ድራይቩንም አዘጋጁ። ሄዱን (ዲስኩን የሚያነበውን የድራይቩን ክፍል) በአልኮል አጽዱ፣ ከእያንዳንዱ ዲስክ በኋላም ድገሙት። የአምስራድ ባለ 3 ኢንች ድራይቭ የሚዞረው በላስቲክ ቀበቶ ነው፤ ካልተቀየረ ቀልጦ ወይም ረዝሞ ይሆናልና ሳትቀይሩ አትሞክሩ። መጀመሪያ በተራ ዲስክ ፈትኑት፣ ያን ዲስክ አውጥታችሁ አዲስ ጭረት እንዳልተሠራበት ዕዩ፣ ከዚያ ብርቁን አስገቡ።

ደረጃ 7፦ ማንበብ

በማሽኑ ራሱ የቅጂ ፕሮግራም አትገልብጡት። የሚያስፈልጋችሁ ፍሉክስ የሚያነብ መሣሪያ ነው። ግሪስዊዝል፣ ክራዮፍሉክስ፣ ሱፐርካርድ ፕሮ፣ ለአፕል ደግሞ አፕልሶስ። እነዚህ መሣሪያዎች የዲስኩን ይዘት ለመተርጎም አይሞክሩም፤ የማግኔቱ አቅጣጫ መቼ መቼ እንደተቀየረ ጊዜውን ብቻ ይመዘግባሉ። ትርጉሙ በኋላ፣ ዲስኩ ወደ ማስቀመጫው ከተመለሰ በኋላ፣ በፋይሉ ላይ ይሠራል። ለጀማሪ ግሪስዊዝልን እመርጣለሁ፦ ርካሽ ነው፣ ንድፉ ክፍት ነው፣ ተራ የፒሲ ፍሎፒ ድራይቭ በዩኤስቢ ያገናኛል።

እያንዳንዱን ትራክ ቢያንስ ሦስት ዙር አንብቡ። አንዳንድ መከላከያዎች በተነበቡ ቁጥር የተለያየ ውጤት የሚሰጡ ደካማ ቢቶች ይጠቀማሉ፤ በአንድ ዙር ንባብ ያ አይታወቅም፣ እንደ ብልሽት ተቆጥሮ ይጣላል።

ሁለቱንም ፊት አንብቡ፣ ሌላው ፊት ባዶ ነው ቢባልም። በ1984 የወጣው የአፕል ቱ ካራቴካ ዲስኩ ተገልብጦ ሲገባ ጌሙ ስክሪኑ ላይ የተገለበጠ ሆኖ ይከፈታል፤ ሠሪዎቹ በሌላው ፊት ሆን ብለው አስቀምጠውት ነው። አንዱን ፊት ብቻ ያነበበ ሰው ይህን አያገኘውም ነበር። የተገለበጠ ዲስክ በፒሲ ድራይቭ ሲነበብ አንድ ችግር አለ፦ ድራይቩ ዙር የሚቆጥርባት ትንሽ ቀዳዳ በሌላ ጎን ስለምትሆን ብዙ ድራይቮች ምንም አይሰጡም። የ1541ና የአፕል ዲስክ ቱ ድራይቮች ያችን ቀዳዳ አይጠቀሙባትም፣ ችግሩም የለባቸውም። በፒሲ ድራይቭ ግን ለዚህ የተስተካከለ ድራይቭ ያስፈልጋችኋል።

አልነበብ ያለ ትራክ ላይ ደጋግማችሁ አትዝመቱ። ዲስኩን አውጡ፣ ሄዱን አጽዱ፣ ንጣፉን እንደገና ዕዩ፣ ሌላ ድራይቭ ሞክሩ፤ ካልሆነ እዚያው ተዉት። ከሌላ ቅጂ የተነበበ ትራክ ጉድለቱን ሊሞላው ይችላል።

ከዚያ ፋይሉን በኢሙሌተር ክፈቱና ራቅ ብላችሁ ተጫወቱ። መከላከያው ብዙ ጊዜ የሚፈትሸው መግቢያው ላይ ቢሆንም አንዳንዱ ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል ድረስ ይደበቃል። ዲስኩ ከፋብሪካ እንደወጣ መሆኑንም አጣሩ፦ የተመዘገበ የተጫዋች ውጤት ካለ ተጽፎበታል። አሚጋ ላይ በ1987 የታየውን ኤስሲኤን የመሰሉ ቫይረሶች በዲስኩ የመነሻ ክፍል ላይ ራሳቸውን ይጽፉ ስለነበር መጻፍ ያልተከለከለ ኦሪጅናል ዲስክ እንኳ ከእነሱ አልተረፈም። እንዲህ ያለውን ፋይል አትጣሉት፣ ግን «የተለወጠ» ብላችሁ ጻፉበት።

ደረጃ 8፦ መዝግቡ፣ አስቀምጡ፣ አካፍሉ

ጥሬው የፍሉክስ ፋይል፣ ከእሱ የተሠራው የዲስክ ኢሜጅ (በኢሙሌተር የሚከፈተው ፋይል)፣ የመለያው፣ የሳጥኑና የመመሪያው ስካን በ600 ዲፒአይ፣ እና ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁት ቅጽ በአንድ ፎልደር ይግቡ። በየትኛው መሣሪያና ድራይቭ እንደተነበበ፣ ያልተነበቡት ትራኮች የትኞቹ እንደሆኑ ጻፉ። ዲስኩን በከረጢቱ፣ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ከድምጽ ማጉያና ከማግኔት አርቃችሁ፣ ከ20 ዲግሪ ብዙ ባልራቀና ደረቅ በሆነ ቦታ አቁሙት።

አሳታሚው ቢዘጋም የጌሙ መብት የአንድ ሰው መሆኑ አይቀርም። ፋይሉን በይፋ ከመልቀቅ በፊት የምትኖሩበትን አገር ሕግ ዕዩ፤ ያ ባይመች እንኳ ለቤተ መዘክር ወይም ለማሽኑ መዝገብ ጠባቂዎች ቅጂ መስጠት ይቻላል። ቢያንስ የመለያውን ፎቶና የእትም ቁጥሩን ለመዝገቦቹ ላኩ።

ያው ዲስክ ያለው ሌላ ሰው ካገኛችሁ የሁለታችሁን ንባብ አስተያዩ። ከተገጣጠመ መዝገቡ ላይ «በሁለት ቅጂ የተረጋገጠ» ብላችሁ ጨምሩ። ካልተገጣጠመ የትኛው ትራክና ሴክተር ላይ እንደሚለያዩ ጻፉ፤ ከዲስኮቹ አንዱ የተበላሸ ወይም የተጻፈበት ካልሆነ፣ እስካሁን ያልተመዘገበ ሌላ እትም በእጃችሁ አለ ማለት ነውና ለእሱ አዲስ ቅጽ ክፈቱ።